ነቀርሳ ሲሉኝ የሰማሁት

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በተለይ እናቶች፣ መጀመሪያ እጃችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጉ። ብትስቁብኝም ግድ የለም። ምራቃችሁን ዋጡና ከጉሮሯችሁ በታች ያለውን ዳብሱት። ከዚያ ንባባችሁን ቀጥሉ። እኔ ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ አዝዬ በቀበሌ አዳራሽ ነው። አጻጻፌ ቢወላገድ ያቺው ያዘልኳት ልጄ ማስተዋል ታቃናልኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን "እማ፣ እንዳወራሽው ይሁን" ብላ ፊደሉን ብቻ ነው ያረመችልኝ።

የምኖረው አሰብ ነው። ባለቤቴ ጥላዬ የነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ በያጅ ነው። ከደሴ ይዞኝ ሲመጣ ሁለት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ማስተዋል አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት።

እብጠቱን መጀመሪያ ያየችው ጎረቤቴ ሐዋ ናት። ሐዋ አፋር ናት፣ የባሕር ዳርቻዋ የጥዖ ከተማ ሰው፣ ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነው። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ አጥሩን ተደግፋ ስታየኝ ቆየችና፣

"ወሰን፣ ምን ዋጥሽ?" አለችኝ። ስሜ ወሰንየለሽ ነው፤ እሷ ግን ጨርሳ ጠርታው አታውቅም።

"ምን እውጣለሁ?"

"ሎሚ። ሎሚ ውጠሽ እዚያ ቆማለች፣ ወላሂ።"

ገብቼ በመስታወት አየሁት። እውነቷን ነው፣ ስውጥ ወደ ላይ ወጣ ትልና ተመልሳ ትወርዳለች። አልደነገጥኩም። እኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ እናቴም አክስቴም ነበራቸው፣ ይዘውት አርጅተዋል። የነገርኩት ሰው ሁሉ "የደጋ ውሃ ያመጣው ነው፣ እዚህ የባሕር ነፋስ ያቀልጠዋል" ይለኛል። እኔም የባሕሩን ነፋስ ስጠብቅ ሁለት ዓመት አለፈ። አያም፣ አያተኩስ። ሻርፕ ጣል አድርጌበት እሄዳለሁ። በአሰብ ሙቀት ሻርፕ የምትጠመጥም ሴት ምን እንደምትመስል እናንተ አስቡት።

በሦስተኛው ዓመት ከሎሚዋ ጎን፣ ወደ ጆሮዬ በኩል፣ ሽምብራ ሽምብራ የሚያካክሉ ነገሮች ተደረደሩ። ያኔ ክሊኒክ ሄድኩ። ጠዋት የገባሁ እስከ ቀትር አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። ቬንቲላቶሩ ይዞራል እንጂ የሚያመጣው ነፋስ የለም። የሕክምና ባለሙያው አንገቴን በሁለት ጣት ነካካና፣

"እንቅርቱ ሌላ ነው፤ ይሄ የጎኑ የዕጢ ነቀርሳ ነው። ቲቢ ማለት ነው። መርፌና ክኒን ትጀምሪያለሽ፣ ይጠፋል" አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔ ነቀርሳ ማለት ይኸው ሆነ። በመርፌና በክኒን የሚድን ግን የሚጋባ በሽታ። የማውቀውም እንደዚያ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ሠፈራችን ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ጓዳ ለብቻው ተዘግቶበት አይቻለሁ። ስለዚህ ብርጭቆዬን፣ ሳህኔን፣ ማንኪያዬን ለየሁ። ብርጭቆዋ ቂጥ ላይ የማስተዋልን የጥፍር ቀለም ቀባሁና "ይቺን ማንም እንዳይነካብኝ" አልኩ። አሰብ ሰው ሁሉ የሚተኛው ደጅ ነው፤ አልጋዬን ከእነሱ አርቄ ከውሃ በርሜሉ ጎን አስጠጋሁት። ልጄን መሳም ተውኩ። ከትምህርት ቤት መጥታ ጉንጯን ስትሰጠኝ ፊቴን አዞራለሁ። ቲቢ ነው ብያት "ታዲያ ክኒኑን እየወሰድሽ አይደል?" ብትለኝም እምቢ አልኩ። አንድ ቀን፣

"እማ፣ ተጣላሽኝ እንዴ?" አለችኝ።

"ወግጂ፣ ሳል ይዞኛል" አልኳት። ሳል አልነበረኝም።

ሁለት ወር በየቀኑ ተወጋሁ። መቀመጫዬ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ሎሚዋም ሽምብራዎቹም እዚያው ናቸው። ይባስ ብሎ ድምፄ ሻከረ። ሐዋ በአጥሩ ላይ "ጥላዬ ነው እንዴ የሚያወራው?" እያለች ትቀልድብኛለች። አንድ ቀን ግን መቀለዱን ትታ፣

"በብረት እንተኩሰው፤ የእኛ ሽማግሌዎች ይችሉበታል" አለች።

"ሐዋ፣ ዓሣ መሰልኩሽ?"

"ዓሣ ብትሆኚማ እስካሁን ተበልተሽ ነበር" አለችና ሳቀች። ዓይኗ ግን አልሳቀም። ይሄን አይቼ ነው ለጥላዬ "አዲስ አበባ ልሂድ" ያልኩት።

የወሰደኝ ከማል ነው። ከማል የቦቴ ሹፌር ነው፣ ከማጣሪያው ነዳጅ እየጫነ ሲመላለስ ከጥላዬ ጋር የተዋወቀ። ሁለት ቀን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ሆኜ፣ ድምፄን እንዳላደክም ብሎ እሱ ብቻውን እያወራ ወሰደኝ። አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አረፍኩ። ሆስፒታሉ ውስጥ ካርድ ለማውጣት ተሰልፌ፣ ካርዱ ጠፍቶ እንደገና ተሰልፌ፣ በመጨረሻ አንገቴ ውስጥ ቀጭን መርፌ አስገብተው ለምርመራ ቀዱና "ውጤቱ እስኪመጣ ተመላለሺ" አሉኝ። ተመላለስኩ። አግዳሚው ላይ ሌሎቹ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ እኔ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር እለካለሁ። አንዷ አስታማሚ "ኧረ ሴትዮ ተቀመጪ፣ አዞርሽን!" ብላ ተቆጣችኝ።

ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፣ መነጽር ያለው፣ ረጋ ያለ። ደጅ ግን ሰልፉ እስከ ደረጃው ነበር። ወረቀቱን አየና፣

"እህቴ፣ ውጤቱ ነቀርሳ መሆኑን ያሳያል" አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? "እፎይ" አልኩ። በእውነት በአፌ "እፎይ" አልኩ። እሱ ቀና ብሎ አየኝ።

"ገባዎት?"

"ገባኝ።"

"አልፈሩም?"

"ነቀርሳ ነው ብዬ ሞቼ አልገኝም፣ ዶክተር።"

"እንዲህ ነው እንጂ! ጎበዝ ሴት ነዎት" አለኝ። "ኦፕራሲዮን ሆነው ዕጢው ይወጣል። በዚህ ቀን እንዳይቀሩ።" ቀን የተጻፈበት ካርድና በፈረንጅኛ የተሞላ አንድ ወረቀት ሰጠኝ።

ደረጃውን ስወርድ እግሬ ቀሎኝ ነበር። ያው የማውቀው በሽታዬ ነው፣ ሌላ አልተገኘብኝም። ለነቀርሳ ብለው ደግሞ አንገቴን የሚቀድዱት ለምንድነው? መርፌውን ጨርሻለሁ፣ የቀረኝ ክኒን ነው። ታጋሽ ሆኜ እውጠዋለሁ። ቢላዋ የፈራችው ነፍሴ ይህን ሁሉ ምክንያት ደርድራ በአንድ አፍታ ጨረሰችው። በሦስተኛው ቀን ከማል ባዶ ቦቴውን ይዞ ሲመለስ አብሬው ተሳፈርኩ። አሰብ ገብቼ ለጥላዬ "ያው ነቀርሳ ነው፣ ክኒንሽን ጨርሺ አሉኝ" አልኩት። ክኒንሽን ጨርሺ ያለኝ ማንም የለም። ዋሸሁ። ወረቀቱን ፓስታ በምናስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት። የቀጠሮው ቀን መጣና አለፈ።

ሰባት ሳምንት እንዲህ ሆንኩ። ግን ሰውነት ያውቃል መሰለኝ ዕረፍት አልነበረኝም። አሰብ ቀትር ላይ ውሻውም አይንቀሳቀስም፣ ሰው በሙሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል። እኔ የታጠበውን ድስት እንደገና አጥባለሁ፣ የተጠረገውን ግቢ እጠርጋለሁ፣ ከበርሜሉ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ በርሜሉ። እጄ አንገቴ ላይ ነው።

በአንዱ ቀትር እንዲህ ስመላለስ ማስተዋል ወረቀቱን ይዛ ከቤት ወጣች። ፓስታ ልታወርድ ስትል አግኝታው ነው። በሌላ እጇ የትምህርት ቤት መዝገበ ቃላቷን ይዛለች።

"እማ፣ ዶክተሩ ምን ነበር ያለሽ?"

"ነግሬሻለሁ እኮ። ነቀርሳ።"

"ቲቢ ነው አለሽ?"

"ነቀርሳ አለኝ አልኩሽ! ምን ለየው?"

"እዚህ ላይ ቲቢ የሚል የለም።"

"ታዲያ ምን ይላል?"

ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጋች። መዝገበ ቃላቱን በጣቷ እንደያዘች ነው። ከዚያ በቀስታ፣ "ካንሰር ይላል" አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ለዚህች ሰዓት ስል ነው። አማርኛችን ለሁለት በሽታ አንድ ስም ሰጥቷል። የሳንባውም ነቀርሳ ነው፣ ካንሰሩም ነቀርሳ ነው። ሐኪሙ አንዱን ተናገረ፣ እኔ ሌላውን ሰማሁ፤ እሱ ጎበዝ አለኝ፣ እኔ እፎይ አልኩት። በዚህ መሐል ሰባት ሳምንት ሄደ።

ከበርሜሉ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ማስተዋል ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ቤት ገባችና የጥፍር ቀለም የተቀባችውን ብርጭቆዬን ውሃ ሞልታ አመጣች። ለእኔ ነው ብዬ እጄን ስዘረጋ ራሷ ጠጣችው። ቁልቁል ጨለጠችው።

"አንቺ! እብድ!"

"ይሄኛው አይጋባም" አለችና አንገቴ ስር ገብታ ሳመችኝ። ያን ያህል ክፉ ወሬ በሰማሁበት ቀን፣ ከሰባት ወር በኋላ ልጄን አቅፌ ሳምኳት። የቱን ላልቅስ? ሁለቱንም አንድ ላይ አለቀስኩት።

ጥላዬ ማምሻውን ሲመጣ ግን ቤቱ ተደበላለቀ።

"ካንሰር የሚል ወረቀት ፓስታ ውስጥ? ከፓስታ ጋር ልትቀቅይው ነበር?"

"አንተስ ለምን አላነበብከውም? ፈረንጅኛ አውቃለሁ ትል የለም?"

"እኔ የማነበው ቱቦ ላይ ያለውን ነው! የት ክፈት፣ የት ዝጋ እንደሚል ነው የማውቀው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። "አላሳየሽኝም፣ እኔም አልጠየቅኩሽም። ክኒን ነው ብለሽኝ እሺ አልኩ።" የብየዳ ጓንቱን እንኳን ሳያወልቅ ፊቱን ሸፈነ። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀንም በጓንቱ ምክንያት አላየሁትም።

በሁለተኛው ቀን በአውሮፕላን ሄድኩ። የቢሮ ሰዎችና ነጋዴዎች መሐል ሻርፔን ጠምጥሜ ቁጭ አልኩ። አውሮፕላን እንደምፈራ ትዝ ያለኝ አዲስ አበባ ከወረድኩ በኋላ ነው።

ሐኪሙ "የት ጠፍተው ነው?" አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ብርጭቆውንም ጭምር። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ጥፋቱ የእኔም ነው" አለ። "ገባዎት ወይ ብዬ ጠየቅኩ እንጂ ምን እንደገባዎት አልጠየቅኩም።" ደግሞም፣ "የአንገት ቲቢም ቢሆን ኖሮ በብርጭቆ አይጋባም ነበር፣ እህቴ" አለኝ። ልጄን ያልሳምኩበትን ሰባት ወር በጣቴ ቆጠርኩ።

ያን ቀን አላጣደፈኝም። እንቅርት የምታወጣዋ ዕጢ በሰው ሁሉ አንገት ውስጥ ያለች ናት አለ፣ ክንፏን እንደዘረጋች ቢራቢሮ፤ ለሰውነት ሙቀትና ጉልበት የምታከፋፍል። የእኔ ታማለች፣ የጎኑ ሽምብራዎች ከእሷ የተነሱ ናቸው። ይህ ዓይነቱ ካንሰር ቶሎ ቶሎ የሚሮጥ አይደለም፣ ግን ሰባት ሳምንት ሰባት ሳምንት ነው። የድምፅ ጅማት ከዕጢው ጀርባ ስለሚያልፍ ድምፄ ሊጎዳ ይችላል። "አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፣ ምን ገባዎት?" አለኝ። እንደ ተማሪ መልሼ ነገርኩት። ስሳሳት አረመኝ፣ ደግሜ ነገርኩት።

"ከወጣ እድናለሁ?"

"ሳልዋሽ ልመልስልዎት የምችለው ተቆርጦ የወጣው ከታየ በኋላ ነው።"

ለኦፕራሲዮኑ ደም የሚሰጥ ሰው አምጡ ተባለ። የአክስቴ ልጅ ደም አነሳት፣ ጥላዬ አሰብ ነው። የወሬው ፍጥነት! ከማል ቦቴውን መናፈሻ ዳር አቁሞ መጣ። ክንዱን ለነርሷ እየሰጠ፣ "እህት፣ መጀመሪያ አሽትቺው፤ ናፍጣ እንዳይሆን" አላት። ነርሷ በሳቅ መርፌው ሳተባት። አሁን ከማል ወንድሜ ነው። ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚበላው እኔ ከምበላበት ትሪ ነው።

ፈቃድ መስጫው ላይ በራሴ እጅ ፈረምኩ። ጣት አልነከርኩም። ከመፈረሜ በፊት እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፤ ያልገባኝ ላይ ስደርስ ቆምኩና ጠየቅኩ። ወጣቱ ሐኪም "እማማ፣ ቶሎ በሉ" አለኝ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ "እማማ" ማለቱ ደግሞ አናደደኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።

ጠዋት በጋሪ ሲወስዱኝ ጣሪያው ላይ ያሉትን መብራቶች ቆጠርኩ። አሥራ አንደኛው ላይ ሌላ በር ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር የለም።

ስነቃ አንገቴ የእኔ አልመሰለኝም፣ የሆነ ሰው ድንጋይ አስሮ አንጠልጥሎበታል። በጎን ቀጭን ቱቦ ወጥቷል፣ የተጠራቀመ ደም የሚወርድበት። "ውሃ" ልል አፌን ከፈትኩ፣ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ድምፄን የወሰዱት መሰለኝና ልነሳ ስል ጎኔ የተኙት ሴትዮ፣ ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ፣ ከእኔ ሦስት ቀን ቀድመው እንቅርት ያስወጡ፣

"ተኚ! እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ይኸው ዛሬ ባለቤቴ ድምፅዋን መልሰው ይውሰዱላት እስኪል ድረስ አወራለሁ" አሉኝ።

በሁለተኛው ቀን ከንፈሬንና ጣቶቼን ጉንዳን የሚሄድባቸው መሰለኝ። የአዲስ አበባ ብርድ ነው ብዬ በብርድ ልብሱ ተጠቀለልኩ። ይህም ሌላ ስህተቴ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጣቶቼ እንደ ዶሮ እግር ተኮራምተው አልፈታ አሉ። የጮኹልኝ ወይዘሮ ብርቄ ናቸው። ነርሷ እየሮጠች መጣችና መርፌ በደም ሥሬ ቀስ እያለች ሰጠችኝ። ለካ ከዕጢዋ ጀርባ የደምን ካልሲየም የሚጠብቁ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ፤ ሲነካኩ ያኮርፋሉ፣ ካልሲየም ሲያንስ እጅ ይኮራመታል። "ጉንዳኑ እንደጀመረሽ ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ። አንገቱን የተቀደደ ሰው ይህን ይያዝልኝ፤ ጉንዳኑ ሲጀምር ብርድ ልብስ አይፈለግም፣ ነርስ ነው የሚጠራው።

የወጣው ተመርምሮ እስኪመጣ እንደገና ኮሪደር። በዚህኛው አንገቴን በእጄ ደግፌ ነበር የምመላለሰው። ሐኪሙ ጠራኝ፣ አስቀመጠኝ።

"የታመመውን አውጥተናል። ደረት ራጁ ንጹሕ ነው። ሌላ አገር የሚሰጥ ተጨማሪ ሕክምና አለ፣ እኛ ጋ የለም። እኛ በክኒንና በክትትል እንሄዳለን። ጨርሶ ድነዋል አልልዎትም፤ ዛሬ የማየው በሽታ የለም እላለሁ። ምን ገባዎት?"

"ዛሬ የለም። ነገ ደግሞ መጥቶ ማየት ነው።"

"በትክክል" አለ።

አሰብ ተመለስኩ። ዕጢዋ ስለሌለች ክኒኗን ዕድሜ ልኬን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ እውጣለሁ፤ ሳያልቅብኝ ከማል ያመጣልኛል። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት አሥር ቀን ሲያልፈኝ አሰብ ሐምሌ ላይ በረደኝ። ሰው በላብ ሲታጠብ እኔ ጋቢ! ሐዋ "ወሰን ደጋውን እዚህ አመጣችው" አለች። ድምፄ በአራተኛው ወር ተመለሰ፤ ድሮ እንደነበረው ሳይሆን ትንሽ ወፍሮ። አልከፋኝም።

ፍርሃቱ ግን አልተመለሰም፣ አልሄደም ማለቴ ነው። ፊቴን ሳልታጠብ አንገቴን እዳብሳለሁ። ጥላዬ "ቆዳሽን ልትጨርሺው ነው" ይላል። በስድስተኛው ወር አንድ ጠዋት ጠባሳው ጫፍ ላይ ጣቴ አንድ ነገር አገኘ። የስንዴ ፍሬ ታክላለች፣ ጠንካራ። ደግሜ ዳበስኩ፣ አለች። ማስተዋልን ጠራኋት፣ ዳበሰች፣ ፊቷ ተለወጠ። የክትትሌ ቀን ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። ጥላዬ "ሦስት ሳምንት ምን አላት፣ ጠብቂ" ሊል አፉን ከፈተና ራሱ ዘጋው። በዚያው ቀን ከማል ይጭን ነበር። ልብስ እንኳን በደንብ ሳልይዝ ወጣሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ እጄ አንገቴ ላይ ነበር። ከማል ያን ጊዜ አላወራም። ሐኪሙ ቀጠሮ የለዎትም አላለኝም። ዳበሰኝ፣ መብራት አቀረበ፣ በቀጭን መቆንጠጫ ጠባሳዬን ነካ አደረገና ስንዴዋን ሳብ አድርጎ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጣት። ጥቁር፣ የተቋጠረች።

"ክር ናት" አለ። "ውስጥ የቀረች የስፌት ክር። ሰውነትዎ ገፍቶ አወጣት።"

"ክር ብቻ?"

"ክር ብቻ። የቀረው አንገትዎ ንጹሕ ነው።"

ጋቢናው ውስጥ ስገባ ከማል ሞተሩን አላስነሳም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳያየኝ፣

"እትዬ ወሰን፣ ምን አገኙብሽ?" አለኝ።

"ክር።"

"ምን?"

"የስፌት ክር።"

ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። "ለአንድ ክር ሁለት ቀን? በረሃ አቋርጠሽ? ለክር?"

"ለክር" አልኩት። "ነገም ሌላ ካገኘሁ እመጣለሁ። አሁን ንዳ።"